የማያውቁት ድርጅት በመኖሪያ ቤት አድራሻ ሲመዘገብ፦ ከካርቱም እስከ ለንደን

አንድ ድርጅት ሲቋቋም ከሚጠየቁት መረጃዎች ሁሉ ብዙም የማይመረመረው አድራሻው ነው። ስሙ ከሌላ ድርጅት ስም ጋር እንዳይመሳሰል ይጣራል። የባለቤቶቹ ማንነት በመታወቂያ ወይም በፓስፖርት ይታያል። አድራሻው ግን በብዙ አገራት አመልካቹ እንደጻፈው ይመዘገባል። በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው ፈቃዱን አይጠየቅም፤ ቤቱ መመዝገቡንም የሚነግረው የለም።

ነዋሪው ነገሩን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ሰምቶት የማያውቀው ስም የተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰዋል። ወይም የግብር ሠራተኛ በሩን ያንኳኳል። ሲከፋም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ የያዙ ሰዎች መጥተው የዕቃ ዝርዝር መመዝገብ ይጀምራሉ። “እኔ አላውቀውም” የሚለው የቃል መልስ በዚያ ሰዓት እምብዛም አይረዳም። የሚረዳው ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው።

ይህ ችግር የትም ሊያጋጥም ይችላል። በካርቱም ግን ክብደቱ ይለያል። እአአ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ሚሊዮኖች በር ቆልፈው ወይም ሳይቆልፉ ከተማዋን ለቀው ወጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተዘረፉ፤ ብዙዎቹም በታጣቂዎች ተያዙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተሻገሩ። ጦሩ በማርች 2025 ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ግድግዳና ጣሪያውን ነው። እነሱ በሌሉበት በቤታቸው ስም ምን እንደተጻፈ ለማየት የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው።

በዚያች ከተማ ለዓመታት ቤት ተከራይተው የኖሩ፣ በአል-ደይም፣ በጄሬይፍና በሌሎችም ሰፈሮች ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው የሠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከዚህ ሥጋት ውጭ አይደሉም። ጦርነቱ ሲጀመር ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወይም በሌላ አቅጣጫ የወጡት የኪራይ ውላቸውን እንኳ ሳይዙ ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

የካርቱም አድራሻ በጎዳና ስምና በቤት ቁጥር ላይ የቆመ አይደለም። አንድ ቤት የሚታወቀው በሰፈሩ ስም፣ ‘ሙረባዕ’ በሚባለው የብሎክ ቁጥር እና ‘ቂጥዓ’ በሚባለው የቦታ ቁጥር ነው። ሰዎች እርስ በርስ የሚጠቋቆሙት ግን በመስጊድ፣ በትምህርት ቤትና በነዳጅ ማደያ ነው። በዚህ የተነሳ የቦታ ቁጥሩ በቃል አይያዝም፤ ሲጻፍም በቀላሉ ይሳሳታል። ሙረባዕ 12 ለማለት 21 ከተጻፈ፣ ድርጅቱ በወረቀት ላይ ሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ ቀላሉ ዓይነት ሲሆን የሚታረመውም በቀላሉ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከቀድሞ ተከራይ የሚመጣ ነው። ቤቱን ተከራይቶ ሳለ የንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሲለቅ አድራሻውን አያስለውጥም። ፈቃዱ በአንድ ሱዳናዊ ስም፣ ቤቱ ደግሞ በአንድ ኢትዮጵያዊ ተከራይ ስም ሆኖ አብረው ሠርተው ሲለያዩም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል። ሰዎቹ ተለያዩ፤ መዝገቡ ግን እንዳለ ቀረ። እዚህ ላይ ክፋት ላይኖር ይችላል፤ ግብር ሰብሳቢው ግን የሚሄደው መዝገቡ ወዳሳየው በር ነው።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ዕዳ የሚሸሽ፣ የሐሰት ደረሰኝ የሚሸጥ፣ ከማዕቀብ የሚደበቅ ወይም ገንዘብ የሚያሻግር ድርጅት እውነተኛ የሚመስል፣ እሱ ግን የማይገኝበት አድራሻ ይፈልጋል። የሰው መኖሪያ ቤት ለዚህ ይመቻል። ባለቤቱ የሌለበት ቤት ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ ደብዳቤውን ከፍቶ “ይህ የእኔ አይደለም” የሚል ሰው የለምና።

አንድ ሕንፃ ከማን ጋር ተያያዘ?

በካርቱም አንድ ቦታ በወረቀትና በመረጃ ከተሳሳተ ሰው ጋር ሲያያዝ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማሳየት ከአል-ሺፋ የመድኃኒት ፋብሪካ የሚበልጥ ታሪክ አይገኝም። ጉዳዩ የመኖሪያ ቤት አይደለም፤ መጠኑም እጅግ የገዘፈ ነው። ሥሩ ላይ ያለው ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ይህ ቦታ የማን ነው? ማንስ ነው የሚለው?

በኦገስት 1998 በናይሮቢና በዳሬሰላም በሚገኙ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ላይ በደረሱት የቦምብ ጥቃቶች 224 ሰዎች ተገደሉ። ከ13 ቀናት በኋላ፣ ኦገስት 20፣ የፕሬዝዳንት ቢል ክሊንተን አስተዳደር በካርቱም ሰሜን (ባሕሪ) የነበረውን አል-ሺፋን በክሩዝ ሚሳኤሎች አወደመ። የቀረበው ምክንያት ፋብሪካው ለኬሚካል መሣሪያ ከሚውል ንጥረ ነገርና ከኦሳማ ቢን ላደን ጋር ግንኙነት አለው የሚል ነበር።

ፋብሪካውን ግን ከጥቃቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት፣ ሳላሕ ኢድሪስ የተባሉ ሱዳን የተወለዱ የሳዑዲ ነጋዴ ገዝተውት ነበር። የአሜሪካ ባለሥልጣናት የባለቤቱን ማንነት ያወቁት ከድብደባው በኋላ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። የነጋዴው ገንዘብ በአሜሪካ ባንኮች ታገደ። እሳቸውም በ1999 መጀመሪያ ላይ ክስ መሠረቱ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዋሽንግተን ክሱን ከመከራከር ይልቅ እግዱን አነሳች። ለፋብሪካው ካሳ የጠየቁበት ሌላው ክስ ግን ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ2010 በዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ ተደርጓል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሰጠው ፋብሪካው ምን ነበር የሚለውን መርምሮ አልነበረም። ጉዳዩ በዳኞች የሚታይ አይደለም በሚል ነው።

ነጋዴው ገንዘባቸውን ያስለቀቁት ሀብታም በመሆናቸው፣ ታዋቂ ጠበቆች በመያዛቸውና ግዥውን የሚያሳይ ሰነድ በእጃቸው ስለነበር ነው። ከሦስቱ ለተራ ነዋሪ የሚቻለው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሱዳን ራሷም የተሸሸጉ ድርጅቶችን ጣጣ ለረጅም ጊዜ ታውቀዋለች። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በአገሪቱ ላይ ጥላው በቆየው የንግድ ማዕቀብ ዘመን፣ በሌላ ሰው ስምና በሌላ ቦታ መነገድ ለብዙ ነጋዴ መውጫ መንገድ ነበር። ከኦማር አል-በሺር ውድቀት በኋላ በ2019 የቀድሞውን ሥርዓት መዋቅር እንዲያፈርስ የተቋቋመው ኮሚቴ ሥራ አንድ ክፍልም ከገዥው ፓርቲ ጀርባ የነበሩ ኩባንያዎችን መከታተል ነበር። የአሁኑ ጦርነት ደግሞ ሌላ ዙር ከፍቷል። በጁን 2023 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከሁለቱም ተፋላሚዎች ጋር የተያያዙ አራት ኩባንያዎችን በማዕቀብ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ከነዚህ መካከል የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መሪ ጄኔራል ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ (ሔሜቲ) ቤተሰብ የሚቆጣጠረው አል-ጁነይድ እና የጦሩ መከላከያ ኢንዱስትሪ ይገኙበታል። በእንዲህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ከኩባንያው ስም ጎን አድራሻ ይጻፋል። የዓለም ባንኮች ደግሞ ስምን ብቻ ሳይሆን አድራሻንም ያመሳክራሉ።

ጦርነቱ ካርቱም፣ አድራሻው ለንደን

በዲሴምበር 2025 አሜሪካ የኮሎምቢያ የቀድሞ ወታደሮችን ለፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ትመለምላለች ባለችው መረብ ላይ ማዕቀብ ጣለች። ‘ዘ ጋርዲያን’ ጋዜጣ በዚያው ወር ባወጣው ዘገባ፣ በማዕቀቡ ስማቸው ከተጠቀሱ ሰዎች ጋር የተያያዘ ዚውዝ ግሎባል የተባለ ኩባንያ በሰሜን ለንደን ቶተንሃም በሚገኝ አነስተኛ አፓርታማ አድራሻ ተመዝግቦ እንደነበር ገለጸ። ማዕቀቡ ይፋ በሆነ ማግስት ኩባንያው አድራሻውን ወደ መሐል ለንደን ቀየረ። አዲሱ አድራሻ የሚያመለክተው በአልድዊች አካባቢ ያሉ ሁለት ታዋቂ ሆቴሎችን ነበር። ሁለቱም ሆቴሎች ከኩባንያው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላቸው፣ አድራሻቸውን ለምን እንደተጠቀመበትም እንደማያውቁ ለጋዜጣው ተናግረዋል።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው የማታለሉ ረቀቅ ማለት አይደለም፤ ቀላልነቱ ነው። ከዳርፉር እስከ ቦጎታ የሚዘረጋ የጦርነት ንግድ በለንደን መዝገብ ላይ አንድ መስመር በመቀየር ብቻ ከአንድ ደጃፍ ወደ ሌላ ደጃፍ ተሻገረ። ሆቴል ቃል አቀባይ አለው፤ ጋዜጠኛም ደውሎ ይጠይቀዋል። በተራ ቤት የሚኖር ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ብሪታኒያ ለዚህ ችግር የታወቀች ናት። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ኩባንያዎች የሰፈሩበት የ‘ካምፓኒስ ሐውስ’ መዝገብ ለረጅም ጊዜ የቀረበለትን ሁሉ ተቀብሎ የሚጽፍ ነበር። እስከ ሜይ 2024 ድረስ አንድ ኩባንያ በኢንተርኔት ለማስመዝገብ የሚከፈለው 12 ፓውንድ ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በካርዲፍ ከተማ የአንድ ሰው መኖሪያ አድራሻ 11 ሺህ ገደማ ለሚሆኑ የቻይና ድርጅቶች የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ውሎ ተገኝቷል። ግለሰቡ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የሌሎች ሰዎች ዕዳ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በየፖስታው ይደርሱት ነበር።

ብዙ ኩባንያዎች በአንድ አድራሻ መመዝገባቸው በራሱ ወንጀል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ዊልሚንግተን ከተማ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ኩባንያዎች የተመዘገቡበት አንድ ዝቅተኛ ሕንፃ አለ። እዚያ ያለው ግን ለዚሁ ሥራ የሚከፈለው፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ወኪል ነው። ልዩነቱ ፈቃድ ነው።

ምዝገባው ምን ያስከትላል? ምንስ አያስከትልም?

አድራሻን ማስመዝገብ የቤትን ባለቤትነት አያስተላልፍም። ድርጅቱ በቤቱ ላይ መብት አያገኝም፤ የድርጅቱ ዕዳም የነዋሪው ዕዳ አይሆንም። ይህ መርሕ በሱዳንም፣ በኢትዮጵያም፣ በብሪታኒያም ተመሳሳይ ነው። ነዋሪው ባለድርሻ ወይም ሥራ አስኪያጅ ሆኖ እስካልተመዘገበ፣ ዋስም እስካልሆነ ድረስ የሚጠየቅበት ሕጋዊ መሠረት የለም።

ችግሩ ሕጉ ሳይሆን አፈጻጸሙ ነው። የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ በተመዘገበው አድራሻ ያገኘውን ንብረት የባለዕዳው ነው ብሎ ሊጀምር ይችላል። የንብረቱ እውነተኛ ባለቤት ያንን ማስለቀቅ የሚችለው ተቃውሞ አቅርቦ ነው። በኢትዮጵያ ይህ መንገድ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 ተቀምጧል። ተቃውሞውን የሚደግፈው ደግሞ የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውልና የዕቃ ግዥ ደረሰኝ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ አንድ ድርጅት የሚኖረው በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ አይደለም። የንግድ መዝጋቢው ያውቀዋል፤ ግብር ሰብሳቢው ያውቀዋል፤ የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ባንክ ሒሳብ ከፍቶለታል። ከአንዱ መዝገብ ማሰረዝ ከሌሎቹ አያሰርዝም። አቤቱታውም በየመሥሪያ ቤቱ ተለይቶ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰዎች በአንዱ ቢሮ ካስተካከሉ በኋላ ነገሩ አለቀ ብለው ይቀመጣሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን ሌላው ቢሮ ይመጣባቸዋል።

በካርቱም ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ነዋሪው ራሱ በቤቱ ላይ ያለውን መብት የሚያሳይ ሰነድ ነው። በሱዳን የመሬት ምዝገባ የሚከናወነው በፍርድ ቤቶች ሥር ባለው የመሬት መዝገብ ሲሆን፣ መሠረቱም የ1925ቱ የመሬት ምዝገባ ሕግ ነው። መዝገቡ ‘ሸሃደት በሕስ’ የሚባል የፍለጋ ማስረጃ ይሰጣል። በዚህ ወረቀት ላይ የቦታው ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም እና በቦታው ላይ ያለ ዕዳ ወይም እግድ ይሰፍራል። ከጦርነቱ በኋላ ይህን ወረቀት አዲስ አድርጎ ማውጣት ሁለት ጥቅም አለው፤ ባለቤትነትን ያረጋግጣል፤ በሌሉበት የተመዘገበ ነገር ካለም ያሳያል።

ቀጥሎ የሚኬደው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳለው የንግድ መዝጋቢ ነው። ኩባንያዎች የሚመዘገቡት በ2015ቱ የኩባንያዎች ሕግ ሲሆን፣ የአነስተኛ ነጋዴዎች የንግድ ስም ደግሞ ከእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በቆየው የ1931 ሕግ ነው። ሁለቱ መዝገቦች የተለያዩ ስለሆኑ ፍለጋው በሁለቱም መደረግ አለበት። ኩባንያ ብቻ ፈልጎ ሳያገኝ የተመለሰ ሰው፣ በቤቱ ላይ የተመዘገበው የንግድ ስም ሆኖ ሊያመልጠው ይችላል።

እዚህ ጋ አንድ ጠቃሚ ክር አለ። በሱዳን የኩባንያ ምዝገባ ማመልከቻ በተለምዶ የሚቀርበው በጠበቃ በኩል ነው። ስለዚህ በማኅደሩ ውስጥ የማይታወቁ ባለድርሻዎች ስም ብቻ ሳይሆን ማመልከቻውን ያስገባው የሕግ ባለሙያ ስምም ይገኛል። ባለድርሻዎቹ ላይገኙ ይችላሉ፤ ጠበቃው ግን ፈቃድ ያለው፣ የሚጠየቅ ሰው ነው። ስህተቱ የቁጥር ከሆነ ጉዳዩ በእሱ በኩል በአንድ ማመልከቻ ሊያልቅ ይችላል። ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነም የመጀመሪያው ምስክር እሱ ነው።

ለመዝጋቢው የሚገባው አቤቱታ አጭር ቢሆን ይመረጣል፦ የቤቱ ሙሉ አድራሻ፣ የአቤት ባዩ መብት፣ የድርጅቱ ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ ፈቃድ አለመሰጠቱ እና አድራሻው እንዲሰረዝ መጠየቁ። ቁጣና ረጅም ታሪክ አቤቱታን አያጠነክርም። ወሳኙ ነገር ሁለት ቅጂ ይዞ መሄድና አንዱ ላይ የመግቢያ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጎ መመለስ ነው። ይህ ቅጂ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ሁሉ የሚታይ ጋሻ ነው፤ ነዋሪው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነገሩን እንደካደ ያሳያልና።

የዚያ አቤቱታ ግልባጭ ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ (ዲዋን አል-ደራኢብ)፣ ወደ ዘካ ዲዋኑ እና የንግድ ፈቃድ ወደሚሰጠው ‘ማሐሊያ’ መድረስ አለበት። በሱዳን ዘካ በሕግ የሚሰበሰብና የራሱ መሥሪያ ቤት ያለው በመሆኑ ከሌላ አገር የመጣ ሰው በቀላሉ ይዘነጋዋል። ለባንክም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ ሒሳብ ያለው በየትኛው ባንክ እንደሆነ ከታወቀ፣ አድራሻው የተጭበረበረ መሆኑን በጽሑፍ ማሳወቅ ይቻላል። ባንኩ ስለደንበኛው ምንም አይናገርም፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ችላ ማለት አይችልም።

የተጭበረበረ የኪራይ ውል ወይም ፊርማ ከተገኘ ጉዳዩ ወደ ፖሊስና ወደ ዐቃቤ ሕግ (ኒያባ) ያመራል። ሰነድ ማስመሰል በ1991ዱ የሱዳን የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። አቤቱታው ፍሬ ባያፈራ እንኳ የመዝገብ ቁጥሩ ራሱ ማስረጃ ነው።

ወረቀቱ የጠፋበት ሰው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰነድ ላለው ሰው ነው። በካርቱም ግን ብዙዎች ሰነዳቸውን አጥተዋል። እንዲህ ላለ ሰው ትንንሽ ማስረጃዎች ተደምረው ትልቅ ይሆናሉ።

ከነዚህ አንዱ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ነው። በካርቱም አብዛኛው ቤት በቅድሚያ ክፍያ የሚሠራ ቆጣሪ ሲኖረው፣ ደረሰኙ ላይ የቆጣሪው ቁጥር ይወጣል። በስልክ የተገዛ ኤሌክትሪክ ለዓመታት ያስቀመጠው መልዕክት አንድ ሰው በዚያ ቤት ይኖር እንደነበር ያሳያል። ሌላው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ የሆነው ‘በንከክ’ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሱዳን ሕይወት የተንጠለጠለበት ይህ መተግበሪያ፣ የቤት ኪራይ በየወሩ ለማን እንደተላከ ከነቀኑ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የልጆች ትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ የሰፈረ አድራሻ፣ የሁለት ጎረቤቶች በመሐላ የተረጋገጠ ቃልም ይጠቅማሉ።

ይህን ሁሉ መሰብሰብ ከዕዳ ለመዳን ብቻ አይደለም። ጦሩ ካርቱምን ከያዘ በኋላ ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ጋር ተባብረዋል የተባሉ ሰዎች ታስረዋል፤ በመንግሥት ላይ ጦርነት በማካሄድ ወንጀልም ተከሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነር ፎልከር ቱርክ በኤፕሪል 2025 በተባባሪነት በተጠረጠሩ ሲቪሎች ላይ ከፍርድ ውጪ ግድያ መፈጸሙን አውግዘዋል። በዚህ ድባብ ውስጥ የአንድ ታጣቂ ቡድን ኩባንያ በአንድ ቤተሰብ አድራሻ ተጽፎ መገኘቱ የቢሮ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቤቱ ተይዞ የነበረበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ ከተማዋን የለቀቀበት ቀን፣ ድንበር የተሻገረበት የፓስፖርት ማኅተም በአንድ ላይ ተያይዘው መቀመጥ አለባቸው። የምዝገባው ቀንና የመውጫው ቀን ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ነገር ይናገራሉ።

የውጭ ዜጋ ተከራይ ደግሞ ለብቻው ባይሄድ ይመከራል። ቀጥተኛው አቤት ባይ የቤቱ ባለቤት ስለሆነ፣ አቤቱታው በእሱ ስም ወይም በጋራ ሲቀርብ ይሰማል። ባለቤቱ ካይሮ ወይም ሪያድ ከሆነ ለጠበቃ ልዩ ውክልና መላክ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠቅላላ ውክልና ችግሩን ለመፍታት ተብሎ ሲሰጥ ሌላ ችግር ይወልዳል፤ ውክልናው ለዚህ ጉዳይ፣ ለዚህ ቤትና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

በኢትዮጵያና በውጭ አገር

በኢትዮጵያ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነጋዴው አድራሻውን እንዲያስመዘግብ፣ ሲቀይርም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለረጅም ጊዜም በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የኪራይ ውል ወይም የባለቤትነት ማስረጃ ሲጠየቅ ቆይቷል። ይህ አሠራር ለነጋዴው አሰልቺ ቢሆንም ለቤቱ ባለቤት ጥሩ አጥር ነው። አጥሩ የሚጣሰው በአብዛኛው በውክልና በኩል ነው። ውጭ የሚኖር ባለቤት ቤቱን እንዲጠብቅለት ለዘመድ የሰጠው ሰፊ ውክልና ለንግድ ኪራይ ውል መፈራረሚያ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ሲደርስበት የሚኬደው ፈቃዱን ወደሰጠው የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ እና ውሉ ወደጸደቀበት ቢሮ ነው። ውክልናውን መሻር ብቻውን አይበቃም፤ በውክልናው የተፈጸመው ውል እስኪነሳ ድረስ ፈቃዱ ይቆማልና።

በብሪታኒያ ለሚኖሩ የተሻለ መንገድ ተከፍቷል። በ2023 የወጣው የኢኮኖሚ ወንጀልና የድርጅቶች ግልጽነት ሕግ ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ ለካምፓኒስ ሐውስ አጠያያቂ መረጃን የመመርመርና የማስወገድ ሥልጣን ሰጥቶታል። ቤቱ ያለ ፈቃዱ የተመዘገበበት ሰው ‘አርፒ07’ የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፤ የመኖሪያ ማስረጃም ያያይዛል። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። መዝጋቢው ከተቀበለው ኩባንያው ወደ ራሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ጊዜያዊ አድራሻ ይዛወራል። በ28 ቀናት ውስጥ ትክክለኛ አድራሻ ከነማስረጃው ካላቀረበ ከመዝገብ የመሰረዝ ሒደት ሊጀመርበት ይችላል። ከኖቬምበር 2025 ወዲህ ደግሞ የኩባንያ ዳይሬክተሮች ማንነታቸውን ማረጋገጥ ግዴታ ሆኖባቸዋል።

መዝገቡ መክፈያ የማይጠይቅ በመሆኑ ማንም ሰው የቤቱን ፖስታ ኮድ አስገብቶ በደቂቃ ውስጥ ማየት ይችላል። ለዓመታት ያላዩት ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ ቢያዩት አይከፋም።

አድራሻው ከተሰረዘ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። የንግድ መረጃ የሚሸጡ የግል ድርጅቶች የመንግሥት መዝገቦችን እየገለበጡ ያስቀምጣሉ፤ የተሰረዘው አድራሻም እነሱ ጋ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ባንኮችና የቪዛ መሥሪያ ቤቶች አንዳንዴ የሚያዩት እነዚህን ግልባጮች ነው። ስለዚህ የእርማቱ ውሳኔ የተረጋገጠ ቅጂ፣ የመጀመሪያው አቤቱታ ማኅተም ያለበት ግልባጭ እና የቤቱ ማስረጃ በወረቀትም በስልክም ተቀምጠው፣ ቢያንስ አንድ ስብስብ ከቤቱ ውጭ ታማኝ ሰው ዘንድ መኖር ይኖርበታል።